ስለ ሙስሊም ሕፃናት ትምህርት ዓላማና ሥርዓት፤ ከቀይረዋን እስከ ወሎ

በወሎ ገጠር ፀሐይ ጠልቃ ከብቶች በረት ከገቡ በኋላ፣ በአንዳንድ መንደር ከአንድ ጎጆ የሚሰማ የሕፃናት ድምፅ አለ። ልጆቹ እሳት ከበው ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ ሎሕ የሚባለውን የእንጨት ሰሌዳ በጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ የየራሱን ክፍል በየራሱ ዜማ ያነባል። ከሩቅ ለሚሰማው ሰው የንብ ቀፎ ይመስላል። ቀርቦ ለሚያዳምጥ ግን ነገሩ የተደባለቀ አይደለም። አንዱ ገና ፊደል ይለያል፤ ሁለተኛው አጫጭሮቹን ምዕራፎች ይወጣል፤ ሦስተኛው ቁርኣኑን ለማኽተም ጥቂት ቀርቶታል። መምህሩም ዐይናቸውን ጨፍነው የተቀመጡ ቢመስሉም፣ አንድ ልጅ አንዲት ቃል በሳተ ጊዜ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል ለይተው ያርሙታል።

በባሕር ማዶ ስማር ሳለሁ፣ አንድ ፕሮፌሰር የአፍሪካን የትምህርት ታሪክ ሲያስረዱ እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት «የበቀቀን ትምህርት» ብለው ጠሩት። ልጁ የማያውቀውን ቋንቋ እየደገመ፣ በዱላ እየተፈራ፣ አእምሮው ሳይከፈት ያድጋል አሉ። በክፍሉ ውስጥ ከኢትዮጵያ የሄድኩ እኔ ብቻ ነበርሁና ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ። በዚያን ቀን የሚረባ መልስ አልነበረኝም። ሐሰት ነው እንዳልል፣ የዱላው ነገር ሲነገር የሰማሁት ነበር፤ እውነት ነው እንዳልል ደግሞ፣ ከእንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ወጥተው ሕግና ሰዋስው የሚያራቅቁ ሽማግሌዎችን አውቅ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የሚሰጥ መልስ ነው። ነገር ግን የመልሱ ፍሬ የአንድን ሰው ነቀፌታ መመከት አይደለም። ዛሬም ብዙ የሀገራችን ሕፃናት በዚሁ ትምህርት ያልፋሉ፤ ወላጆቻቸውም የቱ ይያዝ፣ የቱስ ይለወጥ የሚለውን በየዕለቱ ይወስናሉ። ስለዚህ ትምህርቱ ለምን ዓላማ እንደ ተቋቋመና በምን ሥርዓት ይመራ ዘንድ እንደ ታሰበ ከራሱ ሊቃውንት መጻሕፍት መመርመር ይገባል። እንግዲህ ቀጥሎ የሚነገሩት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

መነሻው

የእስልምና ሃይማኖት በተነሣበት ዘመን በዐረብ አገር መጻፍ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በ624 ዓ.ም. ከበድር ጦርነት በኋላ ከተማረኩት የመካ ሰዎች መካከል የቤዛ ገንዘብ የሌላቸው፣ ግን መጻፍ የሚያውቁት፣ እያንዳንዳቸው ለዐሥር የመዲና ልጆች ጽሕፈት አስተምረው ነጻ እንዲወጡ ተፈቅዶላቸው ነበር። እነዚህ መምህራን ከተማሪዎቹ ቤተ ሰቦች ጋር በሃይማኖት የተለዩ፣ ትናንት በጦር ሜዳ የተሰለፉ ጠላቶች ነበሩ። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንሥቶ ዕውቀት ከየትም ቢመጣ የሚፈለግ ነገር መሆኑን ታሪኩ ያሳያል።

ሃይማኖቱ ከዐረብ አገር ወጥቶ በሰፋ ጊዜ ለሕፃናት የተለየ ትምህርት ቤት አስፈለገ። ይህም «ኩታብ» ተባለ፤ ስሙ «ጻፈ» ከሚለው የዐረብኛ ግሥ የወጣ ነው። ዋናው ትምህርት ቁርኣን ሆኖ፣ ከእርሱ ጋር ማንበብ፣ ጽሕፈትና የጸሎት ሥርዓት ይሰጥ ነበር። የቃሉ ትክክለኛ አነባበብ የሚተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ ስለ ነበር፣ ልጁ በመምህሩ ፊት ተቀምጦ ሰምቶ መድገም ነበረበት። በቃል መያዝ የተመረጠው እንግዲህ መጽሐፍ ስላልነበረ ብቻ አልነበረም፤ ቃሉ ሳይዛባ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዲያልፍ እያንዳንዱ ልጅ የአደራ ተቀባይ ተደርጎ ስለ ተቆጠረም ነው።

የቀይረዋን ሊቃውንት

ስለ ሕፃናት መምህራን ብቻ ከተጻፉት መጻሕፍት ከሁሉ ቀድሞ የደረሰን በዛሬዋ ቱኒዝያ በቀይረዋን ከተማ የተጻፈው ነው። ጸሐፊው ሙሐመድ ኢብን ሰሕኑን በ817 ተወልዶ በ870 ያረፈ ሲሆን፣ አባቱ ሰሕኑን በማሊኪ የሕግ ትምህርት ከታወቁት ታላላቆች አንዱና የከተማዪቱ ዳኛ ነበር። የመጽሐፉ ስም «ኣዳቡል ሙዐሊሚን» ይባላል፤ የመምህራን ሥነ ሥርዓት ማለት ነው። በስሙ እንደሚታየው፣ ሥርዓት እንዲይዝ በመጀመሪያ የሚጠየቀው መምህሩ ነው።

በዚህ መጽሐፍ መምህሩ የሀብታሙንና የድኻውን ልጅ አስተካክሎ እንዲያስተምር ይታዘዛል። ልጆችን ለራሱ ጉዳይ እንዳይልክ፣ ከተስማማው ደመወዝ በላይ ስጦታ አምጡ ብሎ እንዳይጠይቃቸው፣ በትምህርት ሰዓት እነርሱን ትቶ ወደ ሌላ ጉዳይ እንዳይሄድ ይከለከላል። ሰዓቱ የተሸጠ ነውና የእርሱ አይደለም። ቅጣትን በተመለከተ፣ በቁጣ ጊዜ ልጅን መምታት አይፈቀድም። ራስና ፊት አይመቱም። ምቱ ከሦስት እንዳያልፍ ይወሰናል፤ ከዚያ በላይ ቢያስፈልግ የአባት ፈቃድ ይጠየቃል። መምህሩ ወሰኑን አልፎ ልጁ ጉዳት ቢደርስበት በሕግ ይጠየቃል።

ዛሬ በልጅ ላይ ምንም ዱላ ሊነሣ አይገባም ብለን የምናምን ሰዎች ይህን ሕግ ጎደሎ ልንለው እንችላለን። ነገር ግን በዘመኑ ሚዛን ሲታይ፣ ይህ ሕግ በዘጠነኛው መቶ ዓመት ለሕፃኑ ጠበቃ የቆመ ሕግ ነው። በኋለኛው ዘመን በቱርኮች ዘንድ አባት ልጁን ለመምህር ሲያስረክብ «ሥጋው የእርስዎ፣ አጥንቱ የእኔ» ይል እንደ ነበረ ይነገራል። በቀይረዋኑ ሊቅ አስተያየት ግን ሥጋውም አጥንቱም የመምህሩ አይደለም፤ ልጁ አደራ ነው። ሰሕኑንም የገዛ ልጁን ለመምህር ሲሰጥ፣ ይህ ልጅ በምስጋናና በለዘበ ቃል እንጂ በዱላ የሚታረም አይደለም ብሎ እንደ ላከ በሕይወት ታሪኩ ተጽፎአል። ያ ልጅ ነው እንግዲህ አድጎ መጽሐፉን የጻፈው።

ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ አል ቃቢሲ የተባለ ሌላ ሊቅ ተነሣ። በ935 ተወልዶ በ1012 ያረፈ፣ ዐይነ ስውር የነበረ ሰው ነው። እርሱም በመምህራንና በተማሪዎች ሕግ ላይ ሰፋ ያለ መጽሐፍ ደረሰ። ከመረመራቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ አባት የሌለው ወይም አባቱ ድኻ የሆነ ልጅ በማን ወጪ ይማራል የሚል ነበር። ትምህርቱ ለጸሎት አስፈላጊ ከሆነ፣ ጸሎትም በሁሉ ላይ ግዴታ ከሆነ፣ ልጁን ሳይማር መተው አይቻልም ብሎ ይደመድማል። ሴት ልጅም ቁርኣንና ሃይማኖቷን ብትማር መልካም መሆኑን ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ግጥምና የደብዳቤ ጽሕፈት እንድትማር አልወደደም፤ በዚህስ የዘመኑን ወሰን አላለፈም።

የቀይረዋን መጻሕፍት ሕግ ናቸውና የሚናገሩት ስለ ሰዓት፣ ስለ ደመወዝና ስለ ቅጣት ነው። የልጁን ልብ የመረመረውን ሰው ለማግኘት ወደ ምሥራቅ መሄድ ያስፈልጋል።

የልብ ትምህርት

አቡ ሐሚድ አል ገዛሊ በ1058 በፋርስ አገር በጡስ ተወልዶ በ1111 በዚያው አረፈ። በልጅነቱ አባቱ ሲሞት እርሱና ወንድሙ አሕመድ ለአንድ ድኻ የአባታቸው ወዳጅ በአደራ ተሰጡ። ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ያ ሰው ወደ መድረሳ ገብተው እንዲማሩ መከራቸው፤ በመድረሳ ለተማሪ ቀለብ ይሰጥ ነበርና። እንግዲህ አል ገዛሊ ስለ ሕፃናት ሲጽፍ፣ ትምህርትን ከእንጀራ ጋር አያይዞ ያየ የሙት ልጅ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል።

«ኢሕያእ ዑሉም አድ ዲን» በተባለው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ የተለየ ክፍል ይገኛል። የሕፃን ልብ ገና ምንም ያልተቀረጸበት ንጹሕ ዕንቁ ነው፣ በወላጆቹም ዘንድ አደራ ነው ይላል። ወደ ሳቡት ይሳባል፤ በጎ ቢያስለምዱት በጎ ይሆናል፣ እንደ እንስሳ ቢተዉት ይጠፋል። ከዚህ ተነሥቶ የሚሰጠው ምክር ከማዕድ ይጀምራል፦ በቀኝ እጅ መብላት፣ ከሌላው ቀድሞ አለመዘርጋት፣ ከፊት ለፊት ካለው መቁረስ፣ አለመስገብገብ። በሀገራችን ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ በገበታ ዳር ሥርዓት እንደሚማር የሚያውቅ አንባቢ ይህን እንግዳ ነገር አያደርገውም።

ከምክሮቹ ሁሉ ሁለቱ በተለይ ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛው ስለ ነውር ነው። ልጁ አንድ ጊዜ ቢያጠፋና ጥፋቱን ቢሸሽግ፣ እንዳላዩ ማለፍ ይሻላል፤ ቢደግመው በስውር ይገሠጽ። በሰው ፊት ማዋረድና ወቀሳ ማብዛት የልጁን ጆሮ ያደነድናል። ሁለተኛው ስለ ጨዋታ ነው። ልጁ ከትምህርት ሲወጣ ድካሙን የሚረሳበት መልካም ጨዋታ ሊፈቀድለት ይገባል። ከጨዋታ ተከልክሎ ዘወትር በትምህርት ቢጨነቅ ልቡ ይሞታል፤ የመረዳት ኃይሉ ይደክማል፤ ከትምህርቱም የሚያመልጥበትን ተንኰል ይፈልጋል።

እኛም በተረታችን «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» እንላለን፤ ልጅ በጊዜ ካልተመከረ በኋላ እንደሚጸጽት ለማስተማር ነው። አል ገዛሊ ይህን አይክድም። የሚጨምረው ነገር ግን፣ መቅጣት ማለት መምታት ብቻ አለመሆኑን፣ ዝምታና ምስጋናም የቅጣት ወንድሞች መሆናቸውን ነው። ዓላማው የልጁ እጅ ከእንቁላሉ እንዲመለስ ሳይሆን፣ ልቡ እንቁላሉን እንዳይመኝ ነው።

በቃል ስለ መያዝ የተነሣ ክርክር

እንግዲህ ዓላማው ልብን ማነጽ ከሆነ፣ ልጁ ትርጉሙን ሳያውቅ ቃሉን መሸምደዱ ምን ይጠቅማል? ይህን ጥያቄ ከባሕር ማዶ ፕሮፌሰር በፊት የእስልምና ሊቃውንት ራሳቸው ጠይቀውታል። ክርክሩንም ከሁሉ አጥርቶ የጻፈው ኢብን ኸልዱን ነው። በ1332 በቱኒስ ተወልዶ በ1406 በካይሮ ያረፈው ይህ የታሪክ ሊቅ፣ በ1377 በጻፈው «ሙቀዲማ» ውስጥ የአራት አገሮችን የሕፃናት ትምህርት ያነጻጽራል።

የምዕራብ ሰዎች፣ ማለትም የሞሮኮና የአካባቢው፣ ልጁ እስኪጨርስ ድረስ ቁርኣንና አጻጻፉን ብቻ ያስተምራሉ። የአንዳሉስ ሰዎች ቁርኣንን መሠረት አድርገው፣ ግጥምን፣ የደብዳቤ አጻጻፍን፣ ሰዋስውንና የእጅ ጽሕፈትን ይጨምራሉ። የቱኒዝያ አካባቢ ሰዎች ከቁርኣን ጋር ሐዲስ ይቀላቅላሉ። የምሥራቅ ሰዎችም ልዩ ልዩ ትምህርት ያደባልቃሉ፤ የእጅ ጽሕፈትን ግን ለተለየ መምህር ይሰጣሉ። ፍሬውንም ሲመረምር፣ ቁርኣን ብቻ የተማሩት በዐረብኛ ቋንቋ አንደበታቸው እንዳልተፈታ፣ የአንዳሉስ ልጆች ግን በቋንቋ እንደ በለጡ ይፈርዳል። ይህን የጻፈው ሰው በልጅነቱ ቁርኣንን በቃሉ የያዘ ሙስሊም ዳኛ እንጂ የውጭ ተመልካች አልነበረም።

ከእርሱ በፊት በ1148 ያረፈው የሴቪሊያው ዳኛ አቡ በክር ኢብን አል ዐረቢ፣ ልጅ በመጀመሪያ ቋንቋና ግጥም፣ ቀጥሎ ሒሳብ፣ ከዚያ በኋላ ቁርኣን ይማር የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ልጅ የማይረዳውን እንዲያነብ ማድረግ አይገባም ብሎ ነቅፏል። ኢብን ኸልዱን ይህን ሐሳብ መልካም ነው ብሎ ያመሰግነዋል። ነገር ግን ልማድ እንዳልተቀበለው ይናገራል፤ ምክንያቱንም ያስረዳል። ልጅ በወላጁ እጅ የሚቆየው ጥቂት ዓመት ነው። ከጎለመሰ በኋላ ወደ ምን እንደሚያዘነብል አይታወቅም። ስለዚህ ወላጆች ቁርኣኑ እንዳይቀርበት ፈርተው አስቀድመው ይሰጡታል። ልጁ ትምህርቱን እንደሚቀጥል የታወቀ ቢሆን ኖሮ ግን የኢብን አል ዐረቢ ሥርዓት ይበልጥ ነበር ይላል።

ስለ ጭካኔም የጻፈው ቃል የከበደ ነው። በኃይል ተጨቁኖ የሚያድግ ልጅ ነፍሱ ይጠብባል፣ ደስታውን ያጣል፣ ወደ ስንፍናና ወደ ሐሰት ይገፋል፤ በላዩ የተዘረጋውን እጅ ፈርቶ የልቡን ይደብቃል፤ መደበቁም ጠባይ ይሆንበታል። ይህ በአንድ ልጅ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ በጭቆና የኖረ ሕዝብም እንዲሁ ነው በማለት ትምህርትን ከመንግሥታት መነሣትና መውደቅ ጋር ያገናኘዋል። ደግሞም ዕውቀት በደረጃ እንዲሰጥ፣ አንዱ ሳይያዝ ሌላው እንዳይደረብ ይመክራል።

የወሎ ሥርዓት

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የእስልምና ትምህርት ከቆየባቸው ስፍራዎች ሐረርና ወሎ ዋናዎቹ ናቸው። እዚህ የምናገረው ስለ ወሎ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያ አገር ስማቸው የታወቀ የትምህርት ማእከሎች ተነሥተዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ያረፉት ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ የጀማ ንጉሥን ማእከል መሠረቱ፤ በ1863 ያረፉት ሰይድ ቡሽራ በጌታ አስተማሩ፤ በየጁ ዳና፣ ከዚያም ሾንኬ ለብዙ ደረሶች መኖሪያ ሆኑ።

የሕፃኑ ትምህርት መሣሪያው ጥቂት ነው። ሎሕ ከእንጨት ይጠረባል። ቀለሙ ከጥላሸትና ከሙጫ ይበጠበጣል። ብዕሩ ከሸምበቆ ይቀረጻል። መምህሩ የዕለቱን ክፍል ይጽፋል ወይም ያስጽፋል፤ ልጁ አንብቦ በቃሉ ሲይዝ ሰሌዳው ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። ቅዱስ ቃል የነካው ውኃ እግር በሚረግጥበት አይደፋም። በኢብን ሰሕኑን መጽሐፍ ውስጥ፣ የጥንት ልጆች በየተራ ንጹሕ ውኃ አምጥተው ሰሌዳቸውን ሲያጥቡ ውኃውን በተቈፈረ ጉድጓድ እንደሚያፈሱት ተጽፎአል። በቀይረዋንና በወሎ መካከል ያለውን የመንገድ ርዝመት ላሰበ ሰው ይህ ትንሽ ልማድ ብዙ ይናገራል።

ልጁ ቁርኣኑን ሲያኸትም በቤተ ሰቡ ዘንድ ደስታ ይደረጋል፤ መምህሩም ይመሰገናሉ። እስከዚህ ድረስ ሥርዓቱ ኢብን ኸልዱን ከገለጸው የምዕራብ ሰዎች ትምህርት ጋር ይመሳሰላል። ከዚህ በኋላ ግን ለመቀጠል የፈለገው ኪታብ መቅራት ይጀምራል፤ ደረሳም ይባላል። የሕግ መጻሕፍትን፣ ቀጥሎ ዐረብኛ ሰዋስውን ከ«ኣጁሩሚያ» ጀምሮ፣ በመጨረሻም የቁርኣን ፍቺን፣ በተለይም «ጀላለይን» የተባለውን ይማራል። አንዱ ሸኽ በሕግ፣ ሌላው በሰዋስው፣ ሦስተኛው በፍቺ የታወቁ ስለሆኑ ደረሳው ከአገር ወደ አገር ይዞራል። የሚበላውን ከሚያርፍበት መንደር ሰው ያገኛል። ዕውቀት በደረጃ፣ አንዱም ሳይያዝ ሌላው ሳይደረብ ይሰጥ የሚለው ምክር በእግር ጉዞ ተተርጉሞ የምናየው እዚህ ነው።

ትርጉሙስ እንዴት ይገኝ ነበር? መምህሩ የዐረብኛውን ሐረግ ያነባሉ፣ ወዲያውም በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይፈቱታል፤ ደረሳው ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ ይደግማል። ወደ ኪታብ ያልደረሰው ሕዝብ ደግሞ መንዙማ ነበረው። ሸኾች የሃይማኖቱን ታሪክና ምክር በአማርኛ ዜማ ገጥመው፣ በዐረብኛ ፊደል ጽፈው፣ በሐድራ ላይ ያሰሙት ነበር። ሕፃኑ በሰሌዳው ላይ ያልገባውን በእናቱ ቋንቋ ከመንዙማው ይሰማዋል። እንግዲህ ኢብን አል ዐረቢ የተመኘውን የግጥም ትምህርት ወሎ ከትምህርት ቤቱ ውጭ፣ በሌሊቱ ጉባኤ ላይ አኖረችው ማለት ይቻላል።

በቃል የመያዝ ጥቅምም በመከራ ጊዜ ታይቷል። በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ አዘዙ። ብዙ ሊቃውንት ተሰደዱ። በ1936 ያረፉት ሸኽ ጠልሐ ኢብን ጀዕፈር በዚያ ዘመን በመቃወም የታወቁ ነበሩ፤ በአማርኛ የገጠሙት መንዙማም ለሕዝቡ ትምህርት ሆነ። መጽሐፍ ይወሰዳል፣ ቤት ይፈርሳል። እንጨት፣ ጥላሸትና የአንድ ሰው ቃል ብቻ የሚያስፈልገው ትምህርት ቤት ግን በማናቸውም ዋሻ ወይም ጎጆ እንደ ገና ይከፈታል። ያን ዘመን የተሻገረውም በዚህ ነው።

ከቤተ ክህነት ትምህርት ጋር ሲነጻጸር

ይህን ለአንድ ወገን የተለየ አድርገን እንዳናይ፣ ጎረቤቱን የቄስ ትምህርት ቤት እናስብ። እዚያም ልጁ በፊደል ጀምሮ፣ በፊደለ ሐዋርያ አልፎ፣ ዳዊትን በግእዝ ይደግማል። ግእዙን በቤቱ የሚናገር የለም። ትርጉሙን የሚያገኘው ወደ መጽሐፍ ቤት ከደረሰ በኋላ በአማርኛው አንድምታ ነው። የቆሎ ተማሪውም እንደ ደረሳው ከመምህር ወደ መምህር፣ ከደብር ወደ ደብር እየዞረ፣ ከመንደር ሰው እጅ እየበላ ይማራል። በአንድ ተራራ ሁለት ጎን የኖሩት ሁለቱ ወገኖች በሃይማኖት ቢለያዩም፣ ትምህርትን የተረዱት በአንድ መንገድ ነው፦ በልጅነት ቃሉን መያዝ፣ በጉልምስና ትርጉሙን መፍታት።

እንግዲህ የፕሮፌሰሩ ስሕተት፣ የመንገዱን መጀመሪያ አይቶ መጨረሻው አድርጎ መቍጠሩ ነው። ግን ከእርሱ ነቀፌታ የሚቀር እውነት አለ፤ እርሱን መሸሸግ አይገባም። ከሕፃናቱ ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ደረጃ አያልፉም ነበር። ለከብት ጥበቃ ይፈለጋሉ፣ እርሻ ይጠራቸዋል፣ ሴቶቹ ይዳራሉ። ለእነዚህ መጀመሪያው በእርግጥ መጨረሻ ሆነ፤ የሰሙት ድምፅ ሳይፈታላቸው ቀረ። ዱላውም በየስፍራው የቀይረዋንን ወሰን ያልፍ ነበር። ይህ የሆነው ግን ሥርዓቱ ስላዘዘ ሳይሆን፣ የሥርዓቱ መጻሕፍት ወደ ሕፃናት መምህራን ሁሉ ስላልደረሱ ይመስለኛል። ሰሌዳውና አለንጋው ተወረሱ፤ መምህሩን የሚያግደው ሕግ ግን በሩቅ ቀረ።

የዘመናችን ጥያቄ

በ20ኛው መቶ ዓመት ነገሩ ተለወጠ። በ1908 በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከ1941 በኋላም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በየአውራጃው ተስፋፉ። ብዙ ሙስሊም ወላጆች ልጆቻችን ከሃይማኖታቸው ይወጡብናል ብለው ሠጉ። በከተሞች ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ያላቸው፣ ዐረብኛን ከሒሳብና ከሌላው ትምህርት ጋር የሚሰጡ መድረሳዎች ተቋቋሙ። በ1961 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የቁርኣን ትርጉም በአማርኛ ታተመ፤ በመጽሐፍ ቤት ብቻ ይሰማ የነበረው ፍቺ በማናቸውም አንባቢ እጅ ገባ። በ1994 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ90ኛው አንቀጽ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ደነገገ።

ስለዚህ የዛሬው ልጅ ሁለት ትምህርት ቤት አለው። ቀን ወደ አንዱ፣ ማለዳ ወይም ማታ፣ በከተማም በክረምትና በሳምንት መጨረሻ ወደ ሌላው ይሄዳል። በብዙ ስፍራ በሎሑ ፈንታ የታተመ ቃዒዳ ይዟል። ቀን በሚማርበት ለምን ብሎ እንዲጠይቅ ይበረታታል፤ ማታ ሰምቶ እንዲደግም ይጠበቅበታል። ሁለቱ ካልተገናኙ ልጁ ከሁለት ይከፈላል፤ አንደኛውንም መናቅ ይማራል። የሚናቀውም አብዛኛውን ጊዜ የማታው ነው።

ኢብን ኸልዱን የሰጠው ምክንያት ዛሬ ተለውጧል። በእርሱ ዘመን ወላጆች ልጁ ትምህርቱን እንደሚቀጥል አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቁርኣኑን በቃሉ እንዲይዝ አደረጉ። አሁን ግን ብዙ ልጆች ለብዙ ዓመታት ይማራሉ፤ ማንበብም በገዛ ቋንቋቸው ያውቃሉ። እንግዲህ ቃሉን ከመያዝ ጎን ለጎን፣ በልጅ ዐቅም፣ ትርጉሙን በእናቱ ቋንቋ ለመስጠት የሚከለክል ነገር የለም። ይህም አዲስ ትምህርት ማምጣት ሳይሆን፣ ደረሳው ሃያ ዓመት ሆኖት ያገኘውን ለሰባት ዓመት ልጅ በጥቂቱ ማቅመስ ነው።

ከተመለከትናቸው ሊቃውንት የሚሰበሰበውም ትምህርት በጥቂት ቃል ሊነገር ይችላል። ልጁ አደራ እንጂ የመምህሩ ንብረት አይደለም። የድኻውና የሀብታሙ ልጅ በአንድ ሚዛን ይታያሉ። ቁጣና ትምህርት በአንድ ሰዓት አይገናኙም። ጨዋታ የትምህርት ጠላት አይደለም። ዕውቀት በደረጃ ይሰጣል። ቃልን መያዝ መንገድ ነው፤ መድረሻው በልብ ያለ አዳብ ነው። ከእነዚህ አንዱንም ከውጭ አገር መጽሐፍ አልተበደርንም። ልጁን ከዱላ ለማዳን ወይም ትርጉም እንዲሰጠው ለመጠየቅ የሚነሣ ወላጅ፣ የአባቶቹን ሥርዓት የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያስታውስ ነው።

በመጨረሻ ለወጣት ተመራማሪዎች አንድ ቃል አለኝ። በወሎ ገጠር በሎሕ የተማሩና በሎሕ ያስተማሩ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። መጀመሪያ ምን እንዳስተማሩ፣ ልጁ ሲሰንፍ ምን እንዳደረጉ፣ ለማን አለንጋ እንዳነሡ፣ ለማንስ እንዳላነሡ ቢጠየቁ ይናገራሉ። ሴቶች በየቤቱ የያዙት መንዙማም ገና በሚገባ አልተሰበሰበም። ይህ ሁሉ ከእነርሱ ጋር ሳይቀበር መጻፍ ይኖርበታል። ያን ጊዜ ስለዚህ ትምህርት ቤት በባሕር ማዶ የሚጠየቅ ተማሪ እንደ እኔ አንገቱን ደፍቶ አይቀመጥም፤ ምን እንደ ነበረ፣ የት እንደ ጎደለና በየትኛው የራሱ ሕግ ሊታረም እንደሚችል ቆሞ ያስረዳል።